ትርኢቱ ወደ ሕዝቡ እንዲሄድ የመንገዱን ማን ይክፈል?

መገናኛ ስሟ እንደሚነግረን የመንገዶች መገናኛ ናት። ወደ ቦሌ፣ ወደ ኮተቤ፣ ወደ አያት፣ ወደ ፒያሳ የሚሄደው ሁሉ እዚህ ይወርዳል፣ ከዚህ ይሳፈራል። ሰው ወደ ሥራው፣ ሸቀጥ ወደ ገበያው በዚህ ያልፋል። ትርኢት ግን በዚህ ሲያልፍ እምብዛም አይታይም። አንጋፋዎቹ ትያትር ቤቶች የቆሙት መሐል ከተማ ነው፤ ሀገር ፍቅር ፒያሳ፣ ብሔራዊ ትያትር ለገሃር አጠገብ። የኮተቤ ወይም የአያት ልጅ ትያትር ማየት ቢያምረው የመግቢያውን ብቻ ሳይሆን የታክሲውንም ይዞ መነሣት አለበት። ይሄ እንግዲህ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከመካከላችን ወደ ገጠር የሚመደበው መምህር የሚያገኘው ልጅማ ምን ይበል?

«ጥበብ ወደ ሕዝቡ ይሂድ!» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። መባሉ ደግ ነው። ነገር ግን ትርኢት እግር የለውም። የሚሄደው በመኪና ነው፤ መኪናውም የሚሄደው በነዳጅ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የመንገዱን ማን ይከፍላል? ጥያቄው የሒሳብ ሠራተኞች ብቻ ይመስላል እንጂ የእኛም ነው። ነገ በየትምህርት ቤቱ የኪነት ክበብ የሚመራው፣ እንግዳ ቡድን የሚጋብዘው፣ ለወረዳው ደብዳቤ የሚጽፈው ሌላ ማንም ሳይሆን መምህሩ ነውና።

አዝማሪው በማን ስንቅ ይዞር ነበር?

እየዞሩ መጫወት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን አንግቦ ከሰርግ ወደ ሰርግ፣ ከጠጅ ቤት ወደ ጠጅ ቤት ይዞር ነበር፤ ዛሬም ይዞራል። ላሊበሎችም ጎህ ሳይቀድ ከደጃፍ ደጃፍ እየሄዱ ያዜማሉ። የእነዚህን ባለሙያዎች ሒሳብ ብንመረምር ሦስት ኪስ እናገኛለን።

አንደኛው የአስተናጋጁ ኪስ ነው። ባለ ሰርጉ እህል ውሃውንና ማደሪያውን ይችላል። ሁለተኛው የታዳሚው ኪስ ነው። ደስ ያለው ሰው ብሩን አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ሦስተኛው የደጋፊው ኪስ ነው። በድሮው ዘመን መኳንንቱ አዝማሪውን በቤታቸው እያኖሩ ቀለቡንና ልብሱን ይሰጡት ነበር።

አዝማሪው ግን ብቻውን ነው፤ ዕቃውም አንድ ማሲንቆ ነው። ተወዛዋዥ፣ ተዋናይ፣ ሙዚቀኛ፣ የመብራትና የድምፅ ባለሙያ፣ ሾፌር ተቆጥሮ ሃያ ሰው የያዘ ቡድን ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ይሁን እንጂ ሦስቱ ኪሶች ዛሬም እነዚያው ናቸው። የተለወጠው ስማቸውና ስፋታቸው ብቻ ነው።

ከማኅበር ወደ ቀበሌ

የሀገር ፍቅር ማኅበር በመኮንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወረን በተቃረበበት ወቅት ነበር። ዓላማው ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን መቀስቀስ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ትያትር ቤት ሆኖ ቀጠለ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የምንለው ቤት ለዘውዱ የብር ኢዮቤልዩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ተብሎ ተከፈተ። ሁለቱም ለአገራችን ጥበብ ባለውለታ ናቸው። ሆኖም ልብ እንበል፤ ቤት ሲሠራ ገንዘቡ አንድ ቦታ ይተከላል። ሕዝቡ ወደ ቤቱ ይመጣል እንጂ ቤቱ ወደ ሕዝቡ አይሄድም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ቁጥር 47 ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ኪራይ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እንዲሰበስቡ አደረገ። «ይሄ ከኪነት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። ያገናኘውማ ይህ ነው፤ ቀበሌው የራሱ ኪስ ኖረው። የራሱ ገቢና የራሱ አዳራሽ ያለው ቀበሌ ከበሮ መግዛት፣ ለወጣቶቹ ልብስ ማሰፋት፣ ልምምድ ማስያዝ ይችላል። በየቀበሌው፣ በየከፍተኛው፣ በየአውራጃው የኪነት ቡድን የፈላው በዚያ ዘመን ነው። በክፍለ ሀገር የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስም አወጡ። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ለአገር ያስተዋወቀው የላሊበላ ኪነት ነው። መድረኩ የመንግሥት መልእክት ማስተላለፊያም እንደነበረ ሳይናገሩ ማለፍ ግን አይገባም። ከፋዩ አንድ ብቻ ሲሆን ግጥሙንም እሱ ያዝዛል።

የዘመኑ ትልቁ ጉዞ ሕዝብ ለሕዝብ ነበር። በ1977ቱ ረኃብ ለደረሰልን ዓለም ምስጋና ለማቅረብ ከልዩ ልዩ ቡድኖች የተውጣጡ የጥበብ ሰዎች በ1980 ዓ.ም. ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ያ ሁሉ ሰውና ዕቃ ባሕር ማዶ ሊሻገር የቻለው ተሰጥኦ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ተሰጥኦማ ከዚያ በፊትም ነበረ። የመንገዱን ወጪ የሚሸከም አካል በመገኘቱ ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ የቀበሌ ኪነቶች ተበተኑ። ወጣቱ ዘፈን ስለጠላ አልነበረም። ያቆማቸው መዋቅር ሲፈርስ ኪሱም አብሮ ስለተዘጋ ነው። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ በአንድ ኪስ ብቻ የቆመ ቡድን ያ ኪስ የተዘጋ ዕለት ይወድቃል። የውጭ ረድኤትም ቢሆን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ የጎዳና ልጆችን በዳንስ በማሠልጠን የተጀመረው አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ትያትር በበጎ አድራጊዎች ድጋፍ የሚደነቅ ሥራ ሠርቷል። ግን የበጎ አድራጊ ገንዘብ ለፕሮጀክት የሚሰጥ ነው፤ ፕሮጀክት ደግሞ መጀመሪያ እንዳለው ሁሉ መጨረሻም አለው።

ዛሬ ገንዘቡ የት ነው ያለው?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት አለበት ይላል። አንቀጽ 91 ንዑስ አንቀጽ 3 ግን አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ማሰሪያ አለበት። አቅም ደግሞ መቼ ፈቅዶ ያውቃል? እንግዲህ ነገሩ ያለው በሕጉ ላይ ሳይሆን በበጀቱ ላይ ነው።

የበጀቱ መንገድ እንዲህ ነው። ክልሎች ከራሳቸው ገቢ ሌላ ከፌዴራል መንግሥት ጥቅል ድጎማ ያገኛሉ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች፣ በኋላም በሌሎቹ፣ ወረዳዎች ከክልላቸው ጥቅል ድጎማ ማግኘት ጀመሩ። ጥቅል ማለት ክልሉ «ይህን ለዚህ አድርግ» ብሎ በየዝርዝሩ አያስርም፤ ወረዳው በምክር ቤቱ ይደለድላል። በአዲስ አበባ ደግሞ የባህልና የኪነ ጥበብ ሥራ የከተማው ቢሮ ነው። ሀገር ፍቅር ያለው በከተማው ሥር ነው፤ ብሔራዊ ትያትር ግን የፌዴራል ነው።

በወረዳው ምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ጤና፣ ትምህርት፣ ግብርና፣ ውሃ ተሰልፈዋል። ባህል ከኋላ ነው የሚቆመው። የበጀቱ አብዛኛው ክፍል ለደመወዝ ይሄዳል። የተረፈው ሥራ ማስኬጃ ይባላል፤ ወረቀቱም፣ ነዳጁም፣ ውሎ አበሉም ከዚያው ነው። ገንዘብ ሲያጥር ደመወዝ አይቆረጥም፤ የሚቆረጠው ነዳጅና አበል ነው። ስለዚህ ቋሚ ቡድን ያለው ቦታ እንኳ፣ ለምሳሌ እንደ ባሕር ዳሩ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያለው ተቋም፣ ደመወዝ መክፈል አንድ ነገር ነው፤ ቡድኑን ጭኖ ወረዳ ለወረዳ መዞር ሌላ ነገር ነው። ደመወዝ የተከፈለው፣ ነዳጅ ግን ያልተመደበለት ቡድን ቤቱ ተቀምጦ ይለማመዳል። እንግዲህ መንገዱ በበጀት ውስጥ በስሙ ካልተጻፈ መንገድ የለም ማለት ነው።

አንድ ቀላል ሒሳብ

ለምን የክልል ወይም የከተማ ድጋፍ ያስፈልጋል? አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ ወረዳ ለብቻው ለምን አይጋብዝም? እስቲ በምሳሌ እንየው። ጸጥታውና መንገዱ ደኅና ሲሆን ሃያ ሰው ያለው ቡድን ከአዲስ አበባ ደሴ ሄዶ አንድ ጊዜ ይጫወት እንበል። ርቀቱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 800። አንድ ቀን ለመሄድ፣ አንድ ቀን ለመጫወት፣ አንድ ቀን ለመመለስ፤ ሁለት አዳር ነው። ሃያ ሰው ሁለት ሌሊት ሲያድር 40 አልጋ ይሆናል። ይህ ሁሉ ለአንድ ትርኢት!

አሁን ደግሞ ያው ቡድን በጉዞው ላይ ደብረ ብርሃን፣ ቀጥሎ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ደሴ ይጫወት። አራት አዳር ይሆናል፤ 80 አልጋ ማለት ነው። ትርኢቱ ግን ሦስት ሆነ። ለአንድ ትርኢት የሚደርሰው 27 አልጋ ያህል ነው። ኪሎ ሜትሩ ብዙም ሳይጨምር ለአንድ ትርኢት ከ800 ወደ 270 ያህል ወረደ። ሦስቱ ከተሞች ሳይነጋገሩ በተለያየ ወር ቢጋብዙ ኖሮ ይህ ቅናሽ አይገኝም ነበር። መንገዱ ላይ ያሉትን ከተሞች አንድ ላይ የሚያቀናጅ አካል ሲኖር ገንዘቡም ይበረክታል። የክልል ድጋፍ ዋናው ጥቅም ይሄ ነው፤ ብር ስለሚሰጥ ብቻ ሳይሆን ስለሚያስተባብር ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ይህ ጣጣ የድሀ አገር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ሙዚቃና ጥበብን የሚያበረታታ ምክር ቤት አቋቁማ ተዋንያንና ሙዚቀኞችን ወደ ፋብሪካዎችና ወደ ማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ላከች። እ.ኤ.አ. በ1946 ያ ምክር ቤት ቋሚው የኪነ ጥበባት ምክር ቤት ሆነ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1965 ብሔራዊ የኪነ ጥበባት ድጋፍ ድርጅት በሕግ አቋቋመች። የዚህ ድርጅት ሕግ ለጥበብ ሥራ ከሚታደለው ገንዘብ 40 በመቶው ወደ ክፍለ ግዛቶችና ወደ አካባቢ ድርጅቶች እንዲሄድ ያዝዛል። ዋና ከተማው ሁሉን እንዳይበላ ማለት ነው።

ከዚያ አሠራር የምንወስደው አንድ ብልሃት አለ። የአካባቢ ድርጅቶቹ ለተጓዥ ትርኢት ሲረዱ ብዙውን ጊዜ የቡድኑን ሙሉ ክፍያ አይሸፍኑም። ከፊሉን ይሰጣሉ፤ የቀረውን ጋባዡ ከተማ ወይም ትምህርት ቤት ያሟላል። እንዲህ የሆነው ከስስት የተነሣ አይደለም። የራሱን ድርሻ ያዋጣ አስተናጋጅ አዳራሹን ይጠርጋል፣ ሰውን ይጠራል፣ ትርኢቱን የራሱ አድርጎ ይይዛል። ነገሩን ስናየው የኛው የባለ ሰርጉና የአዝማሪው ደንብ ነው፤ በጽሑፍ ሰፈረ እንጂ አዲስ አይደለም።

እኛስ ምን እናድርግ?

«ባጀት የለም» የሚለውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ባጀት የማይኖረው ጠያቂው ዘግይቶ ስለመጣ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በመስከረም «ለበዓሉ ቡድን ላኩልን» ብሎ ማመልከት ድግሱ ካለቀ በኋላ እንደ መድረስ ነው። ጥያቄው የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ በሚዘጋጅበት ወቅት፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ጽሕፈት ቤቱ መድረስ አለበት። ያን ጊዜ ነው ስሙ በዝርዝር የሚገባው።

ሁለተኛ፣ ስንጠይቅ የራሳችንን ድርሻ ቆጥረን እንጠይቅ። ትምህርት ቤት ደሀ ነው ብንልም ባዶ እጁን አይደለም። ሜዳ አለው፤ የመማሪያ ክፍል አለው፤ ሚኒ ሚዲያ ካለው ድምፅ ማጉያ አለው። የሠፈሩ እድር ድንኳንና ወንበር አለው። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረቱ ለሃያ ሰው ምሳና እራት ማዘጋጀት አያቅተውም። ይህ ሁሉ በብር ተተምኖ በማመልከቻው ላይ ሲሰፍር ከወረዳው የሚጠየቀው ነዳጅና አበል ብቻ ይሆናል። «ሁሉን ስጡን» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «ይህን እኛ ችለናል፣ ይህን እናንተ ቻሉ» የሚል ደብዳቤ ለኃላፊውም ለመፈረም ይቀላል።

ሦስተኛ፣ ብቻችንን አንጠይቅ። ከላይ ያየነው ሒሳብ እዚህ ላይ ይሠራል። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሦስት አራት ትምህርት ቤቶች በአንድ ማመልከቻ ቢመጡ ቡድኑ በአንድ ጉዞ ሁሉንም ያዳርሳል። ከመገናኛ እስከ አያት ባለው መስመር ብቻ ስንት ትምህርት ቤት እንዳለ አስቡት! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም?

አራተኛ፣ ትርኢት መቀበል ብቻ ሳይሆን መላክም እንልመድ። የሠፈሩ ሽማግሌ የሚያውቀው ጨዋታ፣ እናቶች የሚያዜሙት እንጉርጉሮ፣ ተማሪዎች ያዘጋጁት አጭር ድራማ ለጎረቤት ትምህርት ቤት ትርኢት ነው። በእግር የሚደረስ ከሆነ ነዳጅም አይጠይቅም። የማኅበረሰብ ባህል ማለት ከመሐል ከተማ ወደ ዳር የሚላክ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ ዳሩም የሚሰጠው አለው።

ውድ አንባብያን፣ አንድ ልጅ ስምንተኛ ክፍል እስኪጨርስ አንድም ትያትር ሳያይ ቢያልፍ ማንም አይከሰስም፤ በሪፖርትም አይጻፍም። ጉዳቱ ግን ጉዳት ነው። ሰው የራሱን ኑሮ በመድረክ ላይ ሌላ ሰው ሲኖረው ማየት፣ በዚያም መሣቅና ማሰብ፣ መጽሐፍ የማይተካው ትምህርት ነው። ይህን ትምህርት ወደ ልጁ ለማድረስ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ትልቅ አዳራሽ አይደለም። በጊዜው የተጻፈ ማመልከቻ፣ የተቆጠረ ድርሻ፣ በበጀት ውስጥ በስሙ የተመዘገበ የአንድ መኪና ነዳጅ ነው። ይህን መጠየቅ ደግሞ የመምህሩ ሥራ ነው።