«ፖዘቲቭ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዛሬ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ላወራችሁ ነው።

በተለምዶ «ፖዘቲቭ ሰው» ስንል ቀና አሳቢ ማለታችን ነው። ላብራቶሪ ስንገባ ግን ቃሉ ያስፈራል። እኛ አገር ከኤችአይቪ ጋር ስለተቆራኘ የደም ዓይነታቸው «ኦ ፖዘቲቭ» ሲባሉ እንኳ ክው የሚሉ ታካሚዎች ያጋጥሙኛል።

በምርመራ ቋንቋ ፖዘቲቭ ማለት «የተፈለገው ነገር ተገኝቷል»፣ ኔጋቲቭ ማለት ደግሞ «አልተገኘም» ነው። በቃ! ጥሩ ይሁን መጥፎ ቃሉ ራሱ አይናገርም። የእርግዝና ምርመራን አስቡት፦ ያው ፖዘቲቭ ለአንዷ እልልታ፣ ለሌላዋ ጭንቀት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያደናግሩትን እንይ፦

✅ የደም ዓይነት፦ ፖዘቲቭ ማለት በቀይ የደም ሴላችሁ ላይ አርኤች የሚባል ፕሮቲን አለ ማለት ነው። በሽታ አይደለም። እንዲያውም ልዩ ክትትል የሚያስፈልጋት ኔጋቲቭ የሆነችው ነፍሰ ጡር ናት። የፅንሱ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ ሰውነቷ እሱን የሚያጠቃ መከላከያ ሊሠራና የሚቀጥለውን እርግዝና ሊጎዳ ይችላል። ይህን የሚከላከል መርፌ አለ፤ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ እና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ስለዚህ እህቶቼ፣ የደም ዓይነታችሁን በጊዜ እወቁ።

✅ ታይፎይድ፦ በተለምዶ የሚሠራው የደም ምርመራ (ዊዳል) የሚፈልገው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነታችን ጀርሙን ለመዋጋት የሠራውን መከላከያ ነው። ይህ ደግሞ ከድሮ ሕመም የቀረ ወይም በሌላ ኢንፌክሽን የመጣ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ፖዘቲቭ ስለወጣ ብቻ ታይፎይድ አለባችሁ ማለት አይቻልም።

✅ የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ)፦ የደም ምርመራው በመድኃኒት ከዳናችሁ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። «አልለቀቀኝም» ብላችሁ መድኃኒቱን አትድገሙ። መዳናችሁን የሚያሳየው መድኃኒት ከጨረሳችሁ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ የሚደረግ የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው።

✅ ኤችአይቪ፦ እዚህ ጋ ጥንቃቄ የሚፈልገው ኔጋቲቭ ነው። ቫይረሱ በቅርቡ ገብቶ ከሆነ በፈጣኑ ምርመራ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከተጋለጣችሁበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ሲሞላ መድገም ያስፈልጋል። ከተጋለጣችሁ 72 ሰዓት ካልሞላ ግን ምርመራውን ብቻ አትጠብቁ፤ መከላከያ መድኃኒት ስላለ ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ።

እና ውጤት ስትቀበሉ ከመደንገጣችሁም ከመደሰታችሁም በፊት ሐኪማችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «የተፈለገው ምንድን ነው?» እና «ለእኔ ምን ማለት ነው?» መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ አትፈሩ። የላብራቶሪ ወረቀት ብቻ ይዛችሁ መድኃኒት ለመግዛት ፋርማሲ አትሂዱ።

ለምታውቋት ነፍሰ ጡር ሼር አድርጉላት።