በመርከብ ላይ ያለ ድምፅና የአባቴ ጆሮ

  

ዛሬ የምጽፍላችሁ መርከብ ላይ ስለሚሰማ ድምፅ ነው። «ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ ምን መርከብ አለና ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኛ የምናውቀው ከፏፏቴው በላይ ዓባይን የምታሻግረውን ጀልባ ነው። ባሕር ዳር ስንሄድ ደግሞ ጣና ላይ የሚመላለሱትን እናያለን። አገራችን የባሕር በር ባይኖራትም ግን መርከቦች አሏት። እንዲያውም «ባሕር ዳር» የሚል ስም የተሰጣት መርከብም ነበረች። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም መርከብ ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ሠልጥኖ አሁን በአንድ የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራል።

ወንድሜ ለጥምቀት እረፍት ወስዶ ሲመጣ በመጀመሪያው ሌሊት ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት እናቴ «ምነው ልጄ፣ ቁንጫ በላህ እንዴ?» አሉት። እሱም «ኧረ የለም እማዬ፣ ዝም ሲል ጊዜ እንቅልፍ እንቢ አለኝ» አላቸው።

እኔ በጣም ገረመኝ። ሰው ጩኸት ሲበዛበት ነው እንጂ ዝም ሲል እንዴት እንቅልፍ ያጣል? ደብተሬን ይዤ አጠገቡ ቁጭ አልኩና «እስቲ ንገረኝ ወንድምጋሼ» አልኩት። የነገረኝን ሁሉ እንደሚከተለው አዘጋጅቼዋለሁ።

1. መርከብ ለምን ይጮኻል?

የትልቅ መርከብ ሞተር ቁመቱ ፎቅ ቤት ያህላል። መርከቡ እየተጓዘ ሳለ ሌሊትም ቀንም አይቆምም። ከኋላ ደግሞ ውሃውን እየገፋ መርከቡን የሚያስኬድ፣ ፕሮፔለር የሚባል ትልቅ የሚሽከረከር ብረት አለ። እሱ ሲሽከረከር የመርከቡ የኋላ ክፍል ይንቀጠቀጣል። ወደብ ሲደርሱም ወደ ጎን የሚገፉ ትንንሽ ፕሮፔለሮች ይነሡና እንደ ነጎድጓድ ያጉረመርማሉ። መልሕቅ ሲጣል የሰንሰለቱ ኳኳታ የተኛውን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

ሌላም አለ። ማዕበል ሲመጣ መርከቡ ብረት ቢሆንም በጥቂቱ ይለመጣል። በዚያን ጊዜ ግድግዳውና ጣሪያው እርስ በርሱ እየተፋተገ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ለመርከብ አዲስ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ መርከቡ ሊሰበር ነው ብሎ ይደነግጣል። ወንድሜም መጀመሪያ እንደዚያ ደንግጦ ነበር። በኋላ ግን መርከብ የሚሠራው ትንሽ እንዲለመጥ ተደርጎ መሆኑን ነገሩት። ጭራሽ የማይለመጥ ነገር ቶሎ ይሰበራል። ባሕር ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ አይታችሁ የለም? እንደዚያ ነው።

2. ድምፅ በብረት ውስጥ ይሮጣል

ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ ወደ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በውሃ ውስጥ ወደ 1,500 ሜትር፣ በብረት ውስጥ ደግሞ ከ5,000 ሜትር በላይ ይሄዳል። መርከብ ከታች እስከ ላይ የተያያዘ ብረት ስለሆነ ከታች ያለው የሞተር ንዝረት በግድግዳው በኩል ወደ ላይ ይወጣል። በር ብትዘጉም አይቀርም፤ የሚመጣው በበሩ ሳይሆን በግድግዳው ነውና። ለዚህ ነው ከአንዳንድ ሞተሮች ሥር ጎማ የሚደረገው። ጎማው ንዝረቱን ይቀንሰዋል።

ይህን እናንተም ክፍል ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። አንዳችሁ የዴስኩን አንድ ጫፍ በጥፍር በቀስታ ጫር ጫር አድርጉ። ሌላው በሌላው ጫፍ ጆሮውን ዴስኩ ላይ ይለጥፍ። ቀና ሲል የማይሰማው ድምፅ ጆሮውን ሲለጥፍ ጥርት ብሎ ይሰማዋል። (መምህር እያስተማሩ ሳለ ግን እንዳትሞክሩ!)

3. ተሳፋሪዎች ምን ያደርጋሉ?

በዓለም ላይ ሰዎች ለመዝናናት የሚሄዱባቸው ክሩዝ የሚባሉ ትልልቅ መርከቦች አሉ። ውስጣቸው መኝታ ክፍል፣ ምግብ ቤትና የጭፈራ ቤት ሁሉ አለ። ወንድሜ እንደነገረኝ እዚያ ላይ በሰላም ለመተኛት የሚረዱት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

ሀ) ክፍል ሲመረጥ ከላይና ከታች ምን እንዳለ መጠየቅ። ከጭፈራ ቤት ሥር፣ ከሞተር በላይ ወይም መልሕቁ ካለበት አጠገብ የተኛ ሰው ይቸገራል። ከላይም ከታችም መኝታ ክፍል ያለበት ጸጥ ያለ ነው።

ለ) የሚንኳኳውን ነገር መፈለግ። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ የሚነሳው ትልቁ ሞተር ሳይሆን ቁምሳጥን ውስጥ ያለ የልብስ መስቀያ ወይም በደንብ ያልተዘጋ መሳቢያ ነው። እጅን እያስነኩ መፈለግና የሚንቀጠቀጠው ቦታ ላይ ታጥፎ የተጣጠፈ ወረቀት ወይም ጨርቅ መሸጎጥ ነው።

ሐ) በጆሮ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ ስፖንጅ መጠቀም። ስፖንጁን በጣት አድቦልቡሎ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባት፣ እስኪያብጥ ድረስም በጣት መያዝ ያስፈልጋል። ጥጥ መወተፍ ግን እምብዛም አይጠቅምም።

መ) መልመድ። አንድ ዓይነት ሆኖ የማይቋረጥ ድምፅ ሌሎቹን ትንንሽ ድምፆች ይሸፍናቸዋል። እኛስ ክረምት ፏፏቴው ሲያገሳ ተኝተን እናድር የለም? ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ ነው የሚወረወረው፤ እንግዳ ሰው ይጨነቃል፣ እኛ ግን አንሰማውም። መርከበኞችም የሞተሩን ድምፅ እንደዚህ ይለምዱታል። ከእንቅልፋቸው ብድግ የሚሉት ሞተሩ ድንገት ዝም ሲል ነው። ወንድሜ ጥር ላይ ፏፏቴው ውሃው አንሶ ዝም ባለበት ጊዜ ቤታችን መጥቶ እንቅልፍ ያጣው ለዚህ ነው!

4. መደፈን የሌለበት ድምፅ

መርከብ ላይ አንድ የአደጋ ምልክት አለ። ሰባት ወይም ከዚያ በላይ አጫጭር ጩኸትና ከእነሱ ቀጥሎ አንድ ረጅም ጩኸት ይሰማል። ይህን የሰማ ሁሉ የሕይወት ማዳኛ ሰደርያውን ይዞ ወደታዘዘበት ቦታ መሄድ አለበት። ስለዚህ ጆሮውን ደፍኖ የሚተኛ ሰው ይህ ድምፅ ይሰማው እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባዋል። እኛም ከብት ስንጠብቅ በወንዝ ዳር የጆሮ ማዳመጫ ሰክተን ሙዚቃ ብንሰማ ደራሽ ውሃ ሲመጣ አንሰማውም። ሁሉም ድምፅ ጠላት አይደለም ማለት ነው።

5. ሠራተኞቹስ?

ተሳፋሪ እንቅልፍ ቢያጣ ጥቂት ቀን ነው። የሞተር ክፍል ሠራተኛ ግን ጆሮውን ሊያጣ ይችላል። የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሹክሹክታ 30 ገደማ፣ የተለመደ ወሬ 60 ገደማ ነው። በ85 ዴሲቤል ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት ጆሮን ይጎዳል። ከዚያ በኋላ 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት ብቻ ይሆናል።

ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ መርከብ ድምፅ ደንብ አውጥቷል፤ ከ2014 ጀምሮም በአዳዲስ መርከቦች ላይ ይሠራበታል። በደንቡ መሠረት በጣም ትልልቅ በሆኑ መርከቦች የሠራተኛ መኝታ ክፍል ከ55 ዴሲቤል፣ የሞተር ክፍል ደግሞ ከ110 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። ከ85 በላይ ወደሆነበት ቦታ ያለ ጆሮ መከላከያ መግባት ክልክል ነው።

ለምን ይሆን? በጆሯችን ውስጥ በጣም ቀጫጭን ጸጉር ያላቸው ሕዋሳት አሉ። ድምፅ ሲመጣ እነዚህ ጸጉሮች ይወዛወዛሉ። የትምህርት ቤታችንን ሜዳ ሣር አስቡ። አንድ ቀን ብንረግጠው ይጎነበስና ተመልሶ ይቀናል። በየቀኑ የምንረግጠው ቦታ ግን መንገድ ይሆናል። የጆሮ ሕዋስም አንዴ ከሞተ ተመልሶ አይበቅልም።

6. አባቴ

ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ እኔ ስለ አባቴ ማሰብ ጀመርኩ። አባቴ ብዙ ዓመት ወፍጮ ቤት ነው የሠሩት። አሁንም እዚያው ናቸው። ማታ ሲመጡ ጮክ ብለን ካልተናገርን አይሰሙንም። እኛም «አባዬ ዕድሜያቸው ነው» እንል ነበር።

አምና ሰኔ 30 ካርድ ሲሰጥ እኔ ሁለተኛ ወጥቼ ስሜ ከነአባቴ ስም ተጠራ። የተሸላሚ ወላጆች ይነሡ ተባለ። አባቴ ግን ከኋላ ተቀምጠው ዝም ብለው ያያሉ። ለሌላ ልጅ እያጨበጨቡ መስሏቸው ነበር። አጠገባቸው የነበሩ ሰው ነካ ሲያደርጓቸው ነው የተነሡት። ያን ቀን አባቴ አፍረው ነበር፤ እኔም ተናድጄባቸው ነበር። አሁን ሳስበው የተናደድኩት ያለ ጥፋታቸው ነው።

ወንድሜ ያመጣውን የጆሮ መከላከያ ሲሰጣቸው አባቴ ሳቁ። «እንደ ጋሪ ፈረስ ልታስመስለኝ ነው?» አሉት። ቀጥለውም «ሰው ሲጠራኝስ በምን እሰማለሁ?» አሉ። ወንድሜም «አባዬ፣ አሁንስ ይሰማሉ? እኛ ሞተር ክፍል ውስጥ በእጅ ምልክት ነው የምንነጋገር። ለአደጋም ብልጭ ብልጭ የሚል መብራት አለን» አላቸው። ይህን ጊዜ አባቴ ዝም አሉ።

ከዚያም ጤና ጣቢያ ሄዱ። አንደኛው ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ ስለነበር ታጠበላቸው፤ ትንሽ ተሻላቸው። የጠፋው ግን እንደማይመለስ፣ የቀረውን መጠበቅ እንደሚቻል ተነገራቸው። አሁን መከላከያውን አድርገው ነው የሚሠሩት። እህል ያመጣ ሰው ከፊታቸው ቆሞ እጁን ያነሣል። መጀመሪያ ሳምንት ሰው ስቆባቸው ነበር፤ አሁን ለምዶታል።

7. እኛ ምን እናድርግ?

• አንድ ክንድ ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገን ቦታው ለጆሮ አደገኛ ነው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ውጭ ርቀን እንጠብቅ።
• ክብሪትና እስክሪብቶ ጆሯችን ውስጥ አንክተት። ካመመን ጤና ጣቢያ እንሂድ።
• ቤታችን ውስጥ «እ?» የሚል ሰው ካለ አንሳቅበት። ፊት ለፊት ቆመን ቀስ ብለን እንንገረው።
• የመጨረሻው ለራሳችን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው። የድምፅ ማጉያችን አፉ የዞረው ወደ 1ኛ ክፍል ልጆች ነው፤ በእረፍት ሰዓት ጆሯቸውን ይዘው ሲሮጡ አይቻለሁ። ወደ ሜዳው እንዲዞርና እንዲቀነስ ለክበቡ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። አባላቱም ተስማምተዋል።

ወንድሜ ወደ መርከቡ ተመልሷል። ሲሄድ የፏፏቴውን ድምፅ በስልኩ ቀርጾ ወሰደ። ዘንድሮ ሰኔ 30 ደግሞ አባቴን ከፊት ወንበር አስቀምጣቸዋለሁ። ስሜ እንዲጠራ ግን ማጥናት አለብኝ!

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑልኝ።