ወፍራም ድምፅ፦ የመኪና ቤዝ ከየት ይመጣል፣ የትስ ይደርሳል?

በበጋ ምሽት ቶሮንቶ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በሚበዙበት የዳንፎርዝ ጎዳና ላይ የተቀመጠ ሰው አንዳንድ መኪኖችን ከማየቱ በፊት ያውቃቸዋል። መጀመሪያ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ደረቱ ላይ አንድ ነገር ድብ ድብ ይላል። ዘፈኑ የሚለየው መኪናው አጠገቡ ሲደርስ ነው። መኪናው አልፎ ሲሄድ መጀመሪያ ዘፈኑ ይጠፋል፤ ድብደባው ግን ገና ይሰማል።

ለብዙ ወላጆች ይህ ጩኸት ነው። ለመኪናው ባለቤት ግን የወራት ሥራና የብዙ ደመወዝ ቁጠባ ውጤት ነው። ሁለቱም የሚነጋገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ቤዝ። ቤዝ እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ቤተሰብ ከጭቅጭቅ ይልቅ መነጋገር ይቀለዋል።

ወፍራምና ቀጭን

አማርኛ ድምፅን ወፍራምና ቀጭን ብሎ ይለያል። የሕፃን ድምፅ ቀጭን ነው፤ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ወፍራም ነው። ይህ አነጋገር ከሳይንሱ ብዙም አይርቅም።

ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝ ሞገድ ነው። በአንድ ሴኮንድ ስንት ሞገድ እንደሚያልፍ የምንለካው በኸርትዝ ነው። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርትዝ ይሰማል። ቤዝ የምንለው ከታች ያለውን፣ በግምት ከ20 እስከ 200 ኸርትዝ ያለውን ክፍል ነው። የ4,000 ኸርትዝ ቀጭን ድምፅ አንዱ ሞገድ 8.6 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል። የ40 ኸርትዝ ቤዝ ግን አንዱ ሞገድ 8.6 ሜትር ነው። ይህ የአንድ ተራ መኪናን ርዝመት ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም።

ከበሮ በቅርብ አይታችሁ ከሆነ ሁለቱ አፎቹ እኩል አይደሉም። በሰፊው በኩል ሲመቱት ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ በጠባቡ በኩል ቀጭን። በመኪና ውስጥም እንዲሁ ነው። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር የአንድ ኢንች ያህል ስፋት ይበቃዋል። ለቤዝ የሚሠራው ሰብዉፈር ግን 10፣ 12 ወይም 15 ኢንች ይሰፋል፤ ብዙ አየር መግፋት አለበትና።

ከነጋሪት እስከ ሞንታርቦ

ወፍራም ድምፅን መውደድ አዲስ ነገር አይደለም። በድሮ ጊዜ በኢትዮጵያ የንጉሥ አዋጅ የሚታወጀው ነጋሪት ተጎስሞ ነበር። ነጋሪት ትልቅ ከበሮ ነው፤ ስሙም “ነገረ” ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሪቱ ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣ “ነጋሪት ጋዜጣ” የተባለው በዚሁ ከበሮ ስም ነው። ዛሬ ደግሞ በሠርግና በበዓል ላይ የሚቆመውን ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሰው “ሞንታርቦ” ይለዋል። ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ድርጅት ስም ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ።

ቶሮንቶ ቤዝን በብዛት የተማረችው ከካሪቢያን ሰዎች ነው። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ በ1950ዎቹ፣ ሰዎች ግዙፍ ስፒከሮችን በጭነት መኪና እያዞሩ መንገድ ላይ ያስጨፍሩ ነበር። ወደ ካናዳ የመጡት ጃማይካውያን ይህን ባህል “ትንሿ ጃማይካ” ወደሚባለው ወደ ኤግሊንተን ዌስት አመጡት። በ1967 የተጀመረው የካሪባና ሰልፍም እስከ ዛሬ ድምፅ ማጉያ በተጫነባቸው መኪኖች ይደምቃል። የሬጌ ሙዚቃ ከራስ ተፈሪያን እምነት ጋር የተሳሰረ ነው። የእምነቱ ስም የተወሰደው ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1930 ከመንገሣቸው በፊት ይጠሩበት ከነበረው ስም፣ ከራስ ተፈሪ ነው።

የእኛም ልጆች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። በ1990 ቶሮንቶ የተወለደውና በስካርቦሮ ያደገው አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊክንድ፣ በ2015 “ዘ ሂልስ” የሚል ዘፈን አወጣ። ዘፈኑ በከባድ ቤዝ የተሞላ ነው፤ የሚያበቃው ግን በአማርኛ የፍቅር ቃላት ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። የመኪናቸውን ቤዝ ሊሞክሩ ያንን ዘፈን የከፈቱ ብዙ የዓለም ወጣቶች ሳያውቁት አማርኛ ሰምተዋል ማለት ነው።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር

“ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር” ይባላል። ሌላው ሲሠራው ቀላል የሚመስል ነገር፣ ራስህ ስትይዘው ያስቸግራል ማለት ነው። የመኪና ቤዝም እንደዚያ ነው። ጀማሪ ትልቅ ስፒከርና ብዙ ዋት ያለው አምፕሊፋየር ከገዛ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ጆሯችን ቤዝን በደንብ አይሰማም። የ40 ኸርትዝ ድምፅ ገና መሰማት እንዲጀምር ብቻ ወደ 50 ዴሲቤል የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል። ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው።

ሁለተኛ፣ የዋት ሒሳብ ያታልላል። ዋቱን ሁለት እጥፍ ብታደርጉ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ ሁለት እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ500 ወደ 1,000 ዋት ለመሄድ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው የሚሰማው ለውጥ ካሰበው ያነሰ ነው።

ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪኩ ከየት ይምጣ? የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው። ከእሱ 1,000 ዋት ለማግኘት ከ80 አምፒር በላይ መሳብ ያስፈልጋል። ቤዙ በመታ ቁጥር የመኪናው መብራት ደብዘዝ የሚለው ለዚህ ነው። በቶሮንቶ ክረምት ደግሞ ብርዱ ራሱ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል። ቀጭን ገመድ ይህን ሁሉ ኤሌክትሪክ ሲሸከም ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ባለሙያ ወፍራም የመዳብ ገመድ ይዘረጋል፤ ከባትሪው በ45 ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥም ፊውዝ ያስገባል። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አራተኛ፣ ሳጥኑ አለ። ስፒከር ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከኋላው ይስባል። ሁለቱ ሞገዶች ከተገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ቤዙም ይሞታል። ሳጥኑ የሚሠራው የፊቱን ከኋላው ለመለየት ነው። ድፍን ሳጥን ጥርት ያለ፣ ቶሎ የሚቆም ቤዝ ይሰጣል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን የኋላውን ሞገድ አዘግይቶ ስለሚያወጣው ጉልበት ይጨምራል፤ ልኩ ከተሳሳተ ግን ድምፁ የተዝረከረከ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ዕውቀት የሚጠይቀው ሥራ ገበያው ላይ ሳይሆን መለኪያ ሜትርና መጋዝ ይዞ የሚሠራው ነው። ታርጋው የሚንቀጫቀጭ መኪናም ኃይለኛ ነው ማለት አይደለም። ወደ ጆሮ መድረስ የነበረበት ጉልበት ቆርቆሮ ሲያንቀጠቅጥ እየባከነ ነው።

ሁለት ዓይነት ውድድር

የመኪና ድምፅ አፍቃሪዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ጉልበትን ይፈልጋል። በዚህ ውድድር መኪናው ውስጥ መለኪያ ይቀመጥና ለጥቂት ሴኮንዶች አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ይለቀቃል። ከ150 ዴሲቤል በላይ የሚያስመዘግቡ መኪኖች አሉ። በከፍተኛው ምድብ ተወዳዳሪዎቹ በዚያ ሰዓት መኪናው ውስጥ አይቀመጡም፤ በሩን ዘግተው ውጭ ይቆማሉ። ጉልበቱን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ይፈሩታል።

ሌላኛው ወገን ጥራትን ይፈልጋል። ዳኛው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያዳምጣል። ዘፋኙ ከፊት ለፊት የቆመ ይመስላል ወይ? ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ተለይተው ይሰማሉ ወይ? ቤዙ ሌላውን ድምፅ ዋጠው ወይስ ተሸከመው? እዚህ የሚያሸንፈው ቤዙን ልክ ላይ ማቆም የቻለ ነው።

ጆሮና ጎረቤት

በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። በጩኸት ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት ይሆናል። 95 ላይ ሲደርስ የሳምንቱ ድርሻ አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው። ከመኪና ከወረዳችሁ በኋላ ጆሯችሁ ውስጥ “ጭው” የሚል ድምፅ ከቀረ፣ ጆሮ በቃኝ እያለ ነው።

ጎረቤትስ? ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ሲያገኝ አብዛኛው ይመለሳል። የቤዝ ረጅም ሞገድ ግን መስታወቱንና ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ ያልፋል። ዘፈኑ ጠፍቶ ድብደባው የሚቀረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የሚሰማውና በሦስተኛ ፎቅ ሕፃን የምታስተኛ እናት የሚደርሳት አንድ አይደለም። እሱ ሙዚቃ ይሰማል፤ እሷ ጋ የሚደርሰው ድብደባ ብቻ ነው።

ሕጉም ይህን ተረድቷል። የተለመደው የድምፅ መለኪያ እንደ ሰው ጆሮ ቤዝን አሳንሶ ይቆጥራል። በ2019 የተሻሻለው የቶሮንቶ የጩኸት ደንብ ግን ለድምፅ ማጉያ ቤዝን ሳያሳንስ የሚቆጥር ሁለተኛ መለኪያ ጨመረ። ገደቡ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በስልካችሁ ላይ ከ11 እስከ 7፣ ይበልጥ ይጠብቃል። የኦንታሪዮ የትራፊክ ሕግም አንድ ሾፌር በመኪናው አላስፈላጊ ጩኸት እንዳያሰማ ይከለክላል።

ከሕጉ በፊት ግን አማርኛ “ይሉኝታ” የሚለው ነገር አለ። ሌላው ሰው ምን ይለኛል፣ ምንስ ይሰማዋል ብሎ ማሰብ ነው። ብዙ አምፕሊፋየሮች ከሾፌሩ አጠገብ የምትገጠም ቤዝ ብቻ የምትቀንስ ትንሽ ማዞሪያ አላቸው። ወደ መኖሪያ ሰፈር ሲገቡ እሷን ዝቅ ማድረግ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም፤ ዘፈኑም አይቋረጥም።

መኪና ውስጥ ጥሩ ቤዝ ያለው ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቱን ወይም እናቱን ከጎኑ ያስቀምጥ። መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን መካከለኛ አድርጎ፣ እነሱ በወጣትነታቸው የሚወዱትን የአዲስ አበባ ዘፈን ይክፈት። በትንሽ ቴፕ ሲሰሙት የኖሩት ዘፈን ውስጥ የቤዝ ጊታር መስመር እንዳለ ብዙ ወላጆች አያውቁም። ሲሰሙት “ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?” ቢሉ አይገርምም። መልሱን ለማስረዳት ከሳጥኑ መጀመር ነው።