ተጨማሪ መረጃ፦ በ90 ዓመት የሚጠነክር ጡንቻ

ጡንቻ ሲሠራ እንደሚዳብር ተምራችኋል። ታዲያ ይህ ለወጣት ብቻ ነውን? ዕድሜ ሲገፋ የጡንቻ መጠንና ጉልበት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሐኪሞች ይህን ሳርኮፔኒያ ይሉታል። ብዙዎች እንደማይቀር ዕጣ ቢያዩትም፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ የቦስተን ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆኑ 10 አረጋውያን ለ8 ሳምንታት የሚቆይ በእግር ክብደት የማንሳት ልምምድ ጀመሩ፤ የፈጸሙት የ9ኙ ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ‹‹በ10 ሰው ብቻ እንዴት ይታመናል?›› ብትሉ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም። በ1994 እ.ኤ.አ. ግን 100 አረጋውያንን በቡድን ከፍሎ ያነጻጸረ ጥናት ውጤቱን አጠናከረው። ልምምድ የሠሩት ጠነከሩ፣ እርምጃቸውም ፈጠነ፤ ያለ ልምምድ ተጨማሪ ምግብ ብቻ ያገኙት ግን ጉልበት አላተረፉም።

ልምምዱ እርጅናን አያስቀርም። ሆኖም ያለ ደጋፊ ከመቀመጫ መነሳት ለአንድ አረጋዊ ትልቅ ነፃነት በመሆኑ፣ ‹‹ካረጁ በኋላ ምን ያደርጋል›› የሚለው አስተሳሰብ ጎጂ ነው። እስቲ ክንዳችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ቀጥ ብላችሁ እንደምትነሱ ቁጠሩ፤ ባለሙያዎች የአረጋውያንን የእግር ጉልበት የሚለኩበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።