ሃይኮው፤ የመበለቲቱ ልጅ ከተማ

ስለ ሩቅ አገር ከተማዎች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሕንፃው ቁመትና የንግዱ ብዛት ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናስተዋውቃችሁ ሃይኮው ሕንፃም ንግድም አላት፤ እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ ልንነግራችሁ የወደድነው አንዲት እናት በዚያች ምድር ስላሳደገችው ልጅ ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሃይኮው በቻይና ደቡብ በምትገኘው በሃይናን ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ናንዱ የሚባለው ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ ተቆርቁራለች። ስሟም «የባሕር አፍ» ማለት ነው። ደሴቲቱን ከዋናው ምድር የሚለየው ባሕር ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ድልድይ ስለሌለው ምድር ባቡሩ ሳይቀር በመርከብ ተጭኖ ይሻገራል። አገሩ ሞቃት ነው፤ የኮኮናት ዛፍ በየመንገዱ ዳር ይታያል። ይሁን እንጂ ከባሕር የሚነሣው ዐውሎ ነፋስ ነዋሪውን ይፈትነዋል። በ2024 የመጣው ያጊ የተባለው ዐውሎ በከተማይቱ ብዙ ዛፍ ነቅሎ ጥሏል።

በአሮጌው ሰፈር ያሉት ቤቶች ምድር ቤታቸው ሱቅ፣ ፎቃቸው መኖሪያ ነው። ፎቁ በዓምድ ላይ ወደ መንገድ ስለ ወጣ፣ እግረኛው ከፀሐይና ከዝናም ተጠልሎ ይሄዳል። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹን ያሠሩት ወደ ሲንጋፖርና ወደ ሌሎች የደቡብ አገሮች ተሰደው በድካማቸው ገንዘብ ያገኙ የደሴቲቱ ልጆች ናቸው። በ1988 ሃይናን ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ሃይኮው ዋና ከተማ ሆነች። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የሕዝቧ ቁጥር ከ2 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ነበረ።

በጥንት ዘመን ግን ደሴቲቱ ከነገሥታቱ መናገሻ እጅግ የራቀች ስለ ነበረች፣ ንጉሥ የተቈጣቸው መኳንንት ወደ እርሷ ይጋዙ ነበር። ታላቁ ባለቅኔ ሱ ዶንግፖም ከ1097 እስከ 1100 በዚያች ደሴት በግዞት ተቀምጦ የአገሩን ልጆች አስተምሯል። በታንግና በሶንግ ነገሥታት ዘመን ለተጋዙ አምስት ሹማምንት በ1889 በሃይኮው የመታሰቢያ ቤት ተሠራላቸው። ስለዚህ በቁጣ የተጣሉትን፣ የተጣሉበት ምድር አከበራቸው።

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። በ1514 በዚህ አገር ሃይ ሩዊ የሚባል ልጅ ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተ እናቱ መበለት ሆና ብቻዋን አሳደገችው፤ የጥንት ሊቃውንትንም መጻሕፍት ራሷ አስተማረችው። አድጎ በተሾመ ጊዜ ጉቦ የማይቀበል፣ ለድኻ የሚፈርድ ሹም ሆነ።

በዚያን ጊዜ የነገሠው ጂያጂንግ የመንግሥቱን ሥራ ቸል ብሎ የማይሞትበትን ጥበብ ይፈልግ ነበር። በ1566 ሃይ ሩዊ የንጉሡን ጥፋት አንድ በአንድ ዘርዝሮ ጻፈለት። ጽሕፈቱን ከማቅረቡ በፊት የሬሳ ሣጥኑን ገዝቶ ቤተ ሰቡን ተሰናበተ ይባላል። ንጉሡም ተቈጥቶ አሳሰረው፤ ነገር ግን በ1567 መጀመሪያ ንጉሡ ሲሞት ሃይ ሩዊ ተፈታ፣ እንደገናም ተሾመ። በ1587 በሹመት ላይ ሳለ በሞተ ጊዜ፣ የተወው ገንዘብ ለቀብሩ እንኳ ስላልበቃ ባልንጀሮቹ አዋጡለት።

በ1589 በሃይኮው የተሠራው መቃብሩ በ1966 በባህል አብዮት ጊዜ ፈርሶ ነበር። በኋላ ግን ታድሶ፣ ዛሬ ከሩቅም ከቅርብም የሚመጣ ሰው ይጎበኘዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስደተኞቹ ለከተማቸው ፎቅ አቆሙላት፤ ለመሥራትም ሀብት አስፈልጓቸዋል። መበለቲቱ ግን በእጅዋ የነበረው መጽሐፍና ትዕግሥት ብቻ ነበር። የፈረሰው መቃብር እንደገና የተሠራው እርሷ ባሳደገችው ልጅ እውነተኛነት ነውና፣ ለልጆቻችን የምናወርሰውን ስናስብ ይህችን እናት እናስታውሳት።