የተነሣ ጡት ተመልሶ ሲሠራ

በጎንደር በአራዳ ስለ ጡት ነቀርሳ ወሬ ሲነሣ፣ አንዳንዶች እናቶቻችን ከበሽታው ይልቅ ቢላዋውን ሲፈሩ እንሰማለን። ጡቴ ይቈረጣል፣ ባለቤቴም ይንቀኛል በማለት እብጠቱን ደብቀው ይቀመጣሉ። ልጅ ያሳደጉበት አካል ነውና ፍርሃቱን አንነቅፍም፤ መዘግየቱ ግን ነፍስን ያስከፍላል።

በሽታው በጊዜ ሲታወቅ እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጡቱን በጨረር ማከም ይቻል ይሆናል። ለዚህ ለሚስማሙ ሕሙማን ዕድሜን በማቆየት ሁለቱ ሕክምናዎች እኩል መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በታተሙ የ20 ዓመት ክትትሎች ታይቷል። ይሁን እንጂ የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ከሩቅ አገር ለምትመጣ ሴት ጡቱን በሙሉ ማንሣት የተለመደ ሆነ።

የተነሣውን መልሶ መሥራት የተጀመረው ዛሬ አይደለም። የሃይደልበርጉ ሐኪም ቪንሴንዝ ቼርኒ እ.ኤ.አ. በ1895 ከሕመምተኛዪቱ ጎን ባወጣው የሥብ እብጠት ጡቷን ሠርቶላታል። አሁን መንገዱ ሁለት ነው፤ አንደኛው በሲሊኮን የተሞላ ከረጢት ከቆዳው ሥር መቅበር፣ ሁለተኛው ከራሷ ከሆዷ ወይም ከጀርባዋ ሥጋና ሥብ ማዛወር ነው።

ጉዳቱንም አንሸሽግም። ከረጢቱ የገባበት ቍስል ሲመረቅዝ ከረጢቱን ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ሰውነትም ባዕዱን ነገር በጠባሳ ይከበዋል፤ ጠባሳው ሲጠነክር ጡቱ ይደድራል፣ ቅርጹንም ያጣል፤ ጨረር ባገኘው ደረት ላይ ይህ ይበዛል። ከረጢቱ ለዕድሜ ልክ የሚቆይ ባለመሆኑ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊከተል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ገጹ ሻካራ የሆነ አንድ የከረጢት ዓይነት፣ ከማይዘወተር የሊምፍ ነቀርሳ ጋር ስለ ተያያዘ ከዓለም ገበያ ተሰብስቧል።

የራስ ሥጋ ከሴቲቱ ጋር አብሮ ይወፍራል፣ አብሮም ይከሳል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ቀዶው ረጅም ነው፤ የደም ሥሩ ከተዘጋ የተዛወረው ሥጋ ይሞታል፤ የሆድም ግድግዳ ሊላላ ይችላል። እንስራ የምታዝልና ሊጥ የምታቦካ እናት ከጀርባዋ ጡንቻ ከመወሰዱ በፊት ይህን ልታስብበት ይገባል። የስኳር በሽታ ያለባት ወይም ትንባሆ የምታጨስ ቍስሏ ለመዳን ይዘገያል።

መልኩስ? በልብስ ውስጥ ተስተካክሎ ይታያል። ልብስ ሲወልቅ ግን ጠባሳው አለ፤ የቀድሞው የመዳሰስ ስሜት ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ አዲሱ ጡት አያጠባም። ጫፉ በኋላ ከቆዳ ይሠራል፣ ቀለሙም በንቅሳት ይሰጠዋል፤ ንቅሳት ደግሞ ለጎንደር እናቶች እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ሕክምና በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም። ባታገኘው ወይም ባትፈልገው ሴቲቱ ጎደሎ አይደለችም። ጥጥ ፈትላ ያደገች እናት ንጹሕ ጥጥ በለስላሳ ጨርቅ ሰፍታ በጡት መያዣዋ ውስጥ ብታኖረው በነጠላ ሥር ማንም አይለየውም፤ ቍስሉ እስኪጠግ ድረስ ቀላል ይሁን።

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለመድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል፤ ጸበሉ ሐኪሙን አይከለክልም። በሕመም ጊዜ ስለ ጾም ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ነው። ጡቱ ከመነሣቱ አስቀድሞ ሐኪሙ ይጠየቅ፤ ጨረር ይከተላል ወይ? መልሶ መሥራት ይቻላል ወይ? የትና መቼ? በተክሊል ያገባት ባለቤቷም በዚያ ቀን ከደጅ አይቅር፤ ገብቶ አብሯት ይስማ።