«ክራምብስ»፦ ዓለሙ ሞልቶ ፍቅሩ የጎደለ ፊልም

ኩዌት፣ ሐዋሊ ውስጥ፣ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት ያገኘ ሰው ካርቶን ከፍቶ ዕቃ ይሸክፋል። አሠሪዪቱ ማዳም የሰለቻት ብርድ ልብስ፣ የልጆቿ ጫማ፣ ግማሹ ያለቀ ሽቶ፣ ባትሪ የጨረሰ አሻንጉሊት። እዚህ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ሊሄድ የነበረ ዕቃ በካርጎ ደሴ ወይም ጅማ ሲደርስ «ከኩዌት የመጣ» ተብሎ ሳሎን ይቀመጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው «ክራምብስ» የተባለውን ፊልም ግማሹን ሳያየው ተረድቶታል።

ስሙ ፍርፋሪ ማለት ነው። በአማርኛ የሚነገር የ68 ደቂቃ ሳይንሳዊ ልብወለድ ሲሆን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ታየ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። መሪ ተዋንያኑ ግን የእኛው ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። ሰላምን በፍቅር ፊልም ያላያት የአማርኛ ፊልም ወዳጅ ያለ አይመስለኝም።

ሳይንሳዊ ልብወለድ ሲባል ሮኬትና ሮቦት የሚጠብቅ ብዙ ነው። ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። ደራሲው ዓለማችን ላይ አንድ ነገር ይለውጥና «እንግዲህ ሰው እንዴት ይኖራል?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ የተለወጠው፣ ከትልቅ ጥፋት በኋላ የተረፉት ጥቂት ሰዎች የዕቃን ጥቅም መርሳታቸው ነው። ስለዚህ የማይክል ጆርዳን ምስል ይጸለይበታል፤ የልጅ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ዋጋ ይወጣላቸዋል። ሰማይ ላይ አንድ የጠፈር መርከብ ለዓመታት ተገትሮ ኖሮ፣ አንድ ቀን ነፍስ የዘራ ይመስላል። ራሱን የሌላ ዓለም ሰው አድርጎ የሚያየው ዳንኤል፣ አገሬ ልግባ ብሎ ከፍቅረኛው ከሰላም ጋር የሚኖሩበትን የቦውሊንግ ቤት ትቶ ይወጣል። መንገዱ ላይ የገና አባት ሳይቀር ያጋጥመዋል።

ቀልዱ የፈረንጅ ነው የሚል ካለ አሞሌን ያስታውስ። ከአፋር ምድር የሚቆረጠው ጨው እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ገበያ ላይ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ወጥ ውስጥ ይገባል።

ፊልሙም ያንኑ የጨው ምድር፣ ዳሎልን፣ ይዞ ነው የተነሳ። ሙቀቱን ከእዚህ ጋር እናነጻጽረው፦ ኩዌት በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ሚትሪባ ላይ 53.9 ዲግሪ ያስመዘገበች አገር ናት፤ ሆኖም ጥር ሲገባ ሐዋሊም ጃኬት ይለበሳል። ዳሎል ላይ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ሲለካ የዓመቱ አማካይ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ 34.6 ዲግሪ ነበር። ፋታ የለውም። ቢጫና አረንጓዴ የሚፈላው መሬት፣ ማዕድን ፈላጊዎች ጥለውት የሄዱት የፈራረሰ ሰፈር፣ ሁሉም ያለ ቀለምና ያለ ኮምፒውተር ሌላ ፕላኔት ይመስላል። ገንዘብ ያጠረው የፊልም ሠሪ ብልሃት ይህ ነው፤ ስቱዲዮ ከመገንባት ቦታ መምረጥ። በዚህ በኩል እንከን አላገኘሁበትም።

ታዲያ ምን ጎደለው? ፍቅሩ። ሁለቱ ሰዎች እንደሚዋደዱ ይነገረናል እንጂ ሲዋደዱ ጠግበን አናያቸውም። ጥቂት ሲያወሩ እሱ ይነሳና ይሄዳል፤ እሷ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ካሜራው በየመንገዱ ባገኘው ጉድ ይማረክና የናፍቆቱን ነገር ይዘነጋዋል። ሰላምን የሚያህል ተዋናይት ይዞ ቤት ማስቀመጥ፣ ለእኔ፣ ትልቁ ብክነት ነው። የአማርኛ የፍቅር ፊልም ንግግር ያበዛል ብለን እናማው የለ? ይኸኛው ደግሞ ጭራሽ ሰሰተው።

ሐዋሊ ሆኖ ሲታይ ጉድለቱ ይጎላል። እዚህ ብዙ ጊዜ የምትሄደው ሴቷ ናት፤ የሚጠብቀው ባል ወይም እናት ነው። ካርቶን ስትሸክፍ ስለ ዕቃው ዋጋ አይደለም የምታስበው፤ ጫማው ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን ነው። በማርከር ጎላ ተደርጎ የሚጻፈውም የተቀባዩ ስም ነው። «ክራምብስ» የዕቃውን ዋጋ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ለማን እንደሆነ ግን ብዙም አይጨነቅም።

ያም ሆኖ ይታይ። ያንሶና ዳንኤል በ2019 እ.ኤ.አ. ሌላ ፊልም ይዘው መጥተዋል፤ ከዚህም የባሰ እብደት ነው፤ ስለዚህ ከ«ክራምብስ» መጀመር ይሻላል። ብቻ በሞባይል አይሁን። ዳሎል በዚያች ስክሪን ላይ የፈሰሰ እርድ ነው የምትመስለው።